ከዓይን ሥር የፈነዳው ቁስል

ኮምቦልቻ ውስጥ በእንስሳት ሐኪምነት ሳገለግል ካጋጠሙኝ ሁሉ ዛሬም የሚቆረቁረኝ የአንድ መጋዘን ጠባቂ አዛውንት ውሻ ጉዳይ ነው። ውሻው በግራ ዓይኑ ሥር አብጦ፣ እብጠቱም ፈንድቶ መግል ያወጣ ነበር። ባለቤቱ ሌላ ውሻ ሳይነክሰው እንዳልቀረ ስለነገሩኝ ቁስሉን አጥቤ፣ የፀረ ባክቴሪያ መርፌ ወግቼ ሸኘኋቸው። ቁስሉ ደርቆ ከወር በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ሲፈነዳ ያንኑ ሕክምና ደገምሁ። በሦስተኛው ጊዜ አዛውንቱ፣ «ዶክተር፣ አጥንት ስሰጠው በቀኝ በኩል ብቻ ነው የሚያኝክ» አሉኝ።

ለካ አፉን አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁም! ለሃጩን የሚያዝረበርብ ውሻ ሲመጣ የእብድ ውሻ በሽታን ፈርተን አፉን ከመንካት መቆጠባችን ተገቢ ነው፤ ይህ ግን የተከተበና ገራም ስለነበር ማመካኛ የለኝም። አስተኝቼ ሳየው፣ አጥንት የሚቆረጥምበት ትልቁ የላይኛው ጥርስ ተሰንጥቆ ውስጡ ተጋልጧል። የዚህ ጥርስ ሥሮች ከዓይን ሥር ስለሚያርፉ፣ ከሥሩ ጫፍ የሚቋጥረው መግል በዚያ በኩል መውጫ ያበጃል፤ መድኃኒቱ ለጊዜው ቢያስታግሠውም ምንጩ ጥርሱ ውስጥ ይቀራል።

ሁለተኛው ስሕተቴ ጥርሱን እንዳለ ለመንቀል መታገሌ ነበር። ሦስቱ ሥሮቹ እንደ ጉልቻ ተራርቀው የተተከሉ ናቸውና አንደኛው ጫፍ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ደሴ ወደሚሠሩ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ብደውል፣ «መጎተቱን ተውና ሦስት ቦታ ክፈለው» አሉኝ። ድዱን እንደ ክዳን ገልጬ፣ ሥሮቹን በውጭ በኩል የሸፈነውን አጥንት በጥቂቱ ሰርስሬ፣ ጥርሱን ሦስት ቦታ ከከፈልሁ በኋላ እያንዳንዱን ሥር ለብቻው አላቀቅሁ። ራጅ ስላልነበረን የተሰበረውን ጫፍ አውጥቼ ከቀሪው ጋር እስካገጣጥመው ድረስ አላመንሁም። ጉድጓዱን በሚገባ አጥቤ፣ ስፌቱ ተወጥሮ እንዳይበጠስ ድዱን አላልቼ፣ በራሱ ሟሙቶ በሚጠፋ ክር ሰፋሁት።

ሕመም ማስታገሻ ሰጥቼ፣ እንጀራ በመረቅ እየፈተፈቱ እንዲያበሉት ነገርኋቸው። በሁለት ሳምንቱ ሲመለሱ፣ ምንም ያልነካሁት የዓይኑ ሥር ቀዳዳ ገጥሞ ነበር። አጥንት እንዳይሰጡት ስነግራቸው ግን አዛውንቱ ቅር አላቸው።

«ታዲያ ሌሊቱን በምን ይጠብቅ?»