«ደህና ነን» ለምትሉ ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ

እንኳን ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ በሰላም አሸጋገራችሁ! 2017 የሰላምና የጤና ዓመት ይሁንላችሁ። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ ያላችሁ። ሪያድ፣ ቤይሩት፣ ዋሽንግተን ያላችሁ። እዚሁ ዱባይ ሆነን፣ በሜትሮ ሁለት ፌርማታ ተራርቀን፣ ዓመቱን ሙሉ ሳንገናኝ የምንከርመውም ጭምር።

በየዓመቱ በዚህ ቀን ስለ አደይ አበባና ስለ እናቴ ዶሮ ወጥ እየጻፍኩ ሆድ አስብሳችኋለሁ። ዘንድሮ እረፉ። ዘንድሮ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ህንዳዊ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የበዓል ቀን የሰው ወሬ ምን አመጣው እንዳትሉኝ፣ የሱም በዓል ከእኛው ጋር ገጥሟል። የኬረላ ሰው ነው፤ ኬረላ በህንድ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ባሕሩን ይዞ የተዘረጋ ግዛት ነው። ትልቁ በዓላቸው ኦናም ዘንድሮ እሁድ መስከረም 5 ይውላል። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት በየደጃፉ መሬት ላይ አበባ እየደረደሩ ክብ ምንጣፍ ይሠራሉ፤ በየቀኑ አንድ ክብ ይጨመርበታል። ያን የጀመሩት ጳጉሜን 1 ነው። እንቁጣጣሽ መሃሉ ላይ ገባች ማለት ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል፣ አዝመራ ሲደርስ የሚከበር፣ ቢጫ አበባ የሚበዛበት በዓል። መጀመሪያ ሲነግረኝ «ይሄማ የኛው ነው» ብዬው ነበር።

ቢሮ ውስጥ ሁላችንም «ቼታ» ነው የምንለው። እኛ ጋሼ እንደምንለው ነው። ሲቪል መሐንዲስ ነው፤ እኔ ሒሳብ ክፍል ነኝ። የክፍያ ሰነዶቹ በኔ በኩል ስለሚያልፉ ትውውቃችን የጀመረው በጭቅጭቅ ነው። አሁን ሻይ አብረን እንጠጣለን። የሻይ ነገር ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም፤ እነሱ ወተቱን አብረው ነው የሚያፈሉት።

የኦናምን ታሪክ የነገረኝ እሱ ነው። ማሃባሊ የሚባል ንጉሥ ነበር፣ ኬረላዎች ማቬሊ ይሉታል። በሱ ዘመን ድሃ የለም፣ ሌባ የለም፣ የሚያጭበረብር የለም። አማልክቱ ቀኑበት። ከዚያ ቪሽኑ የሚባለው አምላክ ድንክ ካህን መስሎ መጣና «በሦስት እርምጃዬ የምትለካ መሬት ስጠኝ» አለው። ንጉሡ ይሄማ ምን አላት ብሎ እሺ አለ። ድንኩ እያደገ፣ እያደገ ሄደ። በአንዱ እርምጃ ምድርን፣ በሁለተኛው ሰማይን ለካ። ለሦስተኛው ቦታ ጠፋ። ንጉሡ ቃሌ አይታጠፍም አለና ራሱን ዝቅ አድርጎ አቀረበለት። ተረግጦ ከምድር በታች ወረደ። የተፈቀደለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዓመት አንዴ መጥቶ ሕዝቡን ማየት። ኦናም ያ ቀን ነው።

ሰምቼ እንደጨረስኩ «ይሄ ሰውዬ የዓመት ፈቃድ የወጣ የገልፍ (የዐረብ አገር) ሠራተኛ ነው» አልኩት። ቼታ ከልቡ ሳቀ።

እኔን ግን የያዘኝ ሌላው ክፍል ነው። ንጉሡ ሲመጣ ሕዝቡን ተርቦና ተጎሳቁሎ እንዳያገኘው ቤቱ ይጠረጋል፣ አዲስ ልብስ ይለበሳል፣ በሙዝ ቅጠል ላይ ሩዙን ከብቦ ከሃያ የማያንስ ዓይነት ምግብ ይደረደራል። ያለውም የሌለውም እኩል ይሽቀዳደማል። «መሬት ሸጠህም ቢሆን ኦናም ብላ» የሚል አባባል አላቸው። ማቬሊ አይቶ፣ ልጆቼ ደህና ናቸው ብሎ፣ ተደስቶ ይመለስ። ጉድለቱን እሱ ከሄደ በኋላ እንነጋገርበታለን።

ውጭ አገር ሰው ያለው ቤት ሁሉ የሚኖረው እንዲህ አይደል?

የቼታ እናት መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ቤተሰቡ ተሰበሰበና ወሰነ፤ «ለሱ አይነገር፣ ሥራ ላይ ነው፣ ይደነግጣል።» ቀዶ ጥገናው ተደረገ። እሱ በየማታው ይደውላል፤ እናት ተኝተው ነው፣ ቤተ መቅደስ ሄደው ነው፣ ጎረቤት ናቸው ይባላል። በመጨረሻ አንድ የአጎት ልጅ የሆስፒታል አልጋ ፎቶ በስህተት ለሁሉም ቤተሰብ ግሩፕ ላከው። ወዲያው ሰረዘው። ቼታ ግን አይቶታል።

ተቆጣህ ወይ ስለው ምን አለኝ? «በምን አፌ?» አለ። ለካ በዚያው ሰሞን እሱም ደመወዝ ሳይከፈለው ወራት አልፈዋል። ያኔ የነበረበት መሥሪያ ቤት ነው። ክሬዲት ካርድ ከአንዱ ወደ አንዱ እያገላበጠ ወደ ቤት የሚልከውን ሳያጓድል ይልክ ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ አንድም ሰው አያውቅም። ስልኩ ላይ የሚባለው በሁለቱም በኩል አንድ ነው፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነን።

ይሄን ስሰማ ባዕድ አልሆነብኝም። እኛ ቤትስ? እናቴ ዓይኗን ቀዶ ጥገና የተደረገችው ፋሻው ከተነሳ በኋላ ነው የተነገረኝ። በዚያ ሳምንት ቦቲም በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ስደውል ካሜራው ተበላሽቷል ተብያለሁ። የመርዶውን ነገርማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ውጭ ያለ ልጅ እንዲሁ በስልክ አይረዳም። መጀመሪያ በአካባቢው ያለ ዘመድ ይፈለጋል፣ ጓደኞቹ ይጠራሉ፣ በጠዋት በሩ ይንኳኳል። አንዳንዱማ አገር ቤት እስኪገባ ይቆይለታል። ስንቱ ሰው ነው ስጦታ ገዝቶ፣ ኪሎ አስመዝኖ፣ የገዛለት ሰው ከሞተ ዓመት እንደሞላው ግቢው ውስጥ የሰማ!

ጋንዲም እንዲህ ነው የደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ1888 ሕግ ሊማር ለንደን ሲሄድ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ ነው። እናቱ ሥጋና መጠጥ እንዳይነካ፣ ሴት እንዳይቀርብ አስምለው ነው የለቀቁት። በ1891 ጨርሶ ሲመለስ እናቱን ለማየት ቸኩሎ ነበር። ሞተዋል። ወንድሙ በሰው አገር ሆኖ ብቻውን እንዳያዝን ብሎ ደብቆት ነው። ከዚያም ሁለት ዓመት ሳይቆይ ለሥራ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ጠቅልሎ የገባው ጥር 9 ቀን 1915 በነሱ አቆጣጠር ነው፤ ህንድ ይህን ቀን ውጭ ለሚኖሩ ልጆቿ መታሰቢያ አድርጋዋለች። በዓሉ ላይ ስለ ኢንቨስትመንት ብዙ ይወራል አለኝ ቼታ። ስለ እናቱ ግን ማን ያነሳል?

እዚህ ላይ ከቼታ ጋር አልተግባባንም። እኔ መደበቁ ፍቅር መሆኑን አልክድም፤ ግን ሰውን ቀስ በቀስ እንግዳ ያደርገዋል ነው የምለው። ለእንግዳ ነው ጥሩ ጥሩው የሚቀርበው። የቤት ሰው የተቃጠለውንም ወጥ ይበላል። እሱ ደግሞ «ብታውቂ ምን ታደርጊ ነበር? ሄደሽ ታስታምሚያት ነበር?» ይለኛል። ከዱባይ ወደ ኬረላዋ ከተማ ኮቺ አራት ሰዓት ገደማ በረራ ነው፤ አዲስ አበባም እንዲሁ። ቅርብ ይመስላል። ፈቃዱ ሲጠየቅ፣ ቲኬቱ በበዓል ሰሞን ሲሰቀል ነው ርቀቱ የሚታወቀው። እናም እንዳልተስማማን ነው ያለነው።

አንዴ ብቻ ነው መልስ ያጣሁለት። አባቱ ያረፉት በኮቪድ ጊዜ፣ ሚያዝያ ላይ ነው። ህንድ የውጭ በረራ ዘግታ ነበር፤ ዜጎቿን መመለስ የጀመረችው ሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ነው። የበኩር ልጅ ነው፤ እንደ ባህላቸው አስከሬኑ የሚቃጠልበትን እሳት መለኮስ የነበረበት እሱ። ታናሽ ወንድሙ ለኮሰ፤ እሱ በስልክ አየ። «ያኔ ማንም ሊደብቀኝ አልሞከረም፤ ቢደብቁኝ ይሻለኝ ነበር» አለኝ። ምን ይባላል?

ሚስቱና ልጆቹ በፊት እዚሁ አብረውት ነበሩ። ሴት ልጁ የተወለደችው ዱባይ ነው። ክፍል እየጨመረች ስትሄድ የትምህርት ቤቱ ክፍያም ጨመረ፣ የቤት ኪራዩም ጨመረ፤ ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ ቤተሰቡ ጠቅልሎ ገባ። እሱ ከዱባይ ጎን ሻርጃ ከሦስት ያገሩ ልጆች ጋር ቤት ተጋርቶ ይኖራል። የዚህ አገር ሕግ የሚሰጠው የዓመት ፈቃድ 30 ቀን ነው። መሐንዲስ አይደል፣ አስልቶታል፤ አሥር ዓመት ተለያይቶ መኖር ማለት በትዳር ሲመነዘር አሥር ወር ነው። የልጁን የሒሳብ የቤት ሥራ ግን በቪዲዮ ሲያሠራ ነው የኖረው። የኬረላ ሰዓት ከዱባይ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀድማል፤ እሱ ከሥራ ሲወጣ የእሷ እንቅልፍ መጥቶ ይጠብቀዋል። ዘንድሮ የሕክምና ትምህርት መግቢያ ፈተና ወስዳለች።

እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ነው። ኤምሬትስ ውስጥ ያለው ህንዳዊ ከ3 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ኬረላ ውስጥ ደግሞ ገልፍ ሰው የሌለው ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ የነዳጅ ዘመን ጀምሮ ነው። ያኔ ስልክ ውድ ስለነበር ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ይላላኩ ነበር፤ የኛም ሰዎች እንደዚያው። የኮቺ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲከፈት ገንዘብ ካዋጡት መካከል ውጭ የሚኖሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩበት። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ከውጭ ከልጆቿ የተላከላት ገንዘብ ወደ 120 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል፤ በዓለም አንደኛ ናት። ሩፒ በወደቀ ቁጥር እዚህ ምንዛሪ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ነው። እኛም ከሐምሌ 22 ወዲህ ሰልፉን ለምደነዋል። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ጀምሮ ጠይቀውኝ የማያውቁ ዘመዶቼ ሁሉ የባንክ ሰው ሆነዋል።

በገንዘቡ ቤት ይሠራል። ትልልቅ ቤት፣ ፎቅና በረንዳ ያለው። እ.ኤ.አ. በ2011ዱ የሕዝብ ቆጠራ ኬረላ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቤት ባዶውን ተገኝቷል። በብዙዎቹ ደግሞ ያሉት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። የቼታ እናትም አሁን የሚኖሩት ላይኛውን ፎቅ ዘግተው ነው።

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። ቼታና እኔ ኮንትራት ያለን፣ ፓስፖርታችን እጃችን ላይ ያለ፣ ቢሮ የምንውል ሰዎች ነን። በየሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ ይሄን ስታነቡ «እናንተማ ምን ጎደላችሁ» ብትሉ እውነት አላችሁ። የናንተ «ደህና ነኝ» ከኛ ጋር አይወዳደርም።   

አባቴ ስደውል ሁሌ «ህንዱ እንዴት ነው?» ይለኛል። አላየውም፣ ግን ይወደዋል። በጃንሆይ ጊዜ ደሴ ሲማር ሒሳብ ያስተማሩት ህንዳዊ ናቸው። ያኔ በየጠቅላይ ግዛቱ ህንዳውያን አስተማሪዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ከዚሁ ከኬረላ። አንድ ቀን «ሰውዬው ቤተሰብ ነበራቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። አባቴ ትንሽ ዝም አለና «እኔ እንጃ፤ ማን ጠይቋቸው!» አለ። የጠመኔ አያያዛቸውን፣ እንግሊዝኛቸውን፣ ኩርኩማቸውን እስከ ዛሬ ያስታውሳል። ደብዳቤ ከየት ይመጣላቸው እንደነበር ግን ክፍሉ ውስጥ የሚያውቅ ተማሪ አልነበረም።

ያለፈው ሐምሌ ለሁለታችንም ክፉ ነበር። ሐምሌ 15 ጎፋ ላይ መሬት ተንሸራቶ፣ ሊያወጡ የሄዱትንም ጨምሮ፣ ከ200 በላይ ሰው ቀበረ። ቼታ መጥቶ «የናንተ ሰፈር ነው?» አለኝ፤ አይደለም አልኩት፣ ግን ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ሐምሌ 23 ገና ሳይነጋ ኬረላ ውስጥ ዋያናድ በሚባለው ተራራማ አገር ያው ሆነ። ሙንዳካይና ቹራልማላ የሚባሉት መንደሮች ላይ፣ እዚያም ከ200 በላይ። ያን ቀን ደግሞ እኔ ነኝ ወደ ጠረጴዛው የሄድኩት። እናቱ ጋ ደውሎ ነበር። ምን አሉት? እዚህ ደህና ነን፣ ዝናቡም ቀንሷል። የሱ ከተማ ከዚያ ሩቅ ስለሆነ እውነታቸውን ነው፤ እሱ ግን ሦስት ጎረቤት ጋ ደውሎ አረጋገጠ።

በዚህ ምክንያት የኬረላ መንግሥት ዘንድሮ ይፋዊ የኦናም ዝግጅቶችን ሰርዟል። በየቤቱ ግን ይከበራል፣ ለማቬሊ ማን «ዘንድሮ አትምጣ» ይለዋል? እዚህ ገልፍ ውስጥማ ኦናም አያልቅም፤ ማኅበራቱ አዳራሽ ባገኙበት ቀን እያከበሩ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቁታል። የኛ ማኅበር እንቁጣጣሽን ጥቅምት ላይ ሲያከብር የምትስቁ፣ ብቻችንን አይደለንም።

እሁድ እነ ቼታ ሻርጃ ያለው ቤታቸው ጠርተውናል። ቅቤና እርጎው ሲቀር ምግቡ የጾም ነው፣ መሬት ተቀምጦ በእጅ ነው የሚበላው፤ በዚህ በኩል አናሳፍርም። ቡናው በኔ ነው፤ ረከቦቱም ጭሱም ይሄዳል፣ የጭስ ጠቋሚውን ነገር እነሱ ይወቁበት። አበባው ከህንድ በአውሮፕላን የመጣ ነው። የኢትዮጵያ ጽጌረዳ ዱባይ ገበያ ላይ አለ፣ አደይን ግን እስካሁን ያመጣት ነጋዴ የለም።

ቼታ በመጪው ክረምት ጠቅልሎ ሊገባ አስቧል። የአገልግሎት ክፍያውን እኔው ነኝ ያሰላሁለት፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን መነሻ ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ የ30 ቀን። እናቱ ግን ገና አልሰሙም። እስኪቆርጥለት አልነግራቸውም ይላል። እኔ ዛሬውኑ ንገራቸው ብዬ እየጨቀጨቅሁት ነው።

መልካም አዲስ ዓመት ይሁንላችሁ። ዛሬ ማታ ተራ በተራ እደውላለሁ። አበባየሆሽ ስል ለምለም የማይለኝ ሰው ካለ ግን ዘጋሁበት።