በቀለ ሳን

ትናንት ማታ ለአባቴ በስልክ አንድ ነገር ተናዘዝኩ። ሦስት ዓመት የደበቅኩት ነገር ነው። ስምህን በሳምንት ሁለት ጊዜ ቆሻሻ ፌስታል ላይ እጽፈዋለሁ አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ያማጋታ የሚባል ክፍለ ሀገር ነው፣ ሰሜን ጃፓን፣ ከቶኪዮ በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከዚያ ደግሞ አንዲት ፉርጎ ብቻ ባላት ባቡር። ከተማዋ ትንሽ ናት። ወጣቱ ወደ ትልልቁ ከተማ ሄዶ አልቋል፣ የቀሩት በአብዛኛው አዛውንቶች ናቸው። ትምህርቴን ስጨርስ እዚህ አንድ ፋብሪካ ተቀጠርኩና መጣሁ።

ጃፓኖች የቤተሰብ ስም ይቀድማል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። ቅጹ ግን ባዶ ቦታ አይወድም፣ ስለዚህ የአባቴ ስም እዚያ ገባና በየሄድኩበት የምጠራው በእሱ ሆነ። እሱም ቢሆን እንዳለ አልቀረም። «ለ» የላቸውም፣ «ቀ»ንማ ከየት ያመጡታል፣ ስለዚህ በቀለ «ቤኬሬ» ሆነ። መጀመሪያ ክሊኒክ የሄድኩ ቀን ነርሷ «ቤኬሬ ሳን! ቤኬሬ ሳን!» («ሳን» እንደ እኛ አቶና ወይዘሮ ነው) እያለች ስትጣራ እኔ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ፣ ይሄ ሰውዬ የት ሄዶ ነው እያልኩ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ነው የገባኝ። እኔ ሴቷ፣ በቀለ ነኝ።

ወደ ቆሻሻው ልመለስ። የከተማዋ ፌስታል ይሸጣል፣ ውስጡ ያሳያል፣ ላዩ ላይ ስም መጻፊያ መስመር አለው። የሚቃጠል ቆሻሻ ማክሰኞና ዓርብ ነው፣ ፕላስቲክ ረቡዕ፣ ጣሳና ጠርሙስ በወር ሁለቴ። የውሃ ፕላስቲክ ክዳኑ ይፈታል፣ ወረቀቱ ይላጣል፣ ይታጠባል። ሁሉም ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት መውጣት አለበት። እኔ በመጀመሪያው ወር የውሃ ፕላስቲክ ከነክዳኑ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ጠቅልዬ አወጣሁ። መኪናው የሁሉንም ወስዶ የእኔን ቀይ ወረቀት ለጥፎበት ትቶት ሄደ። ከሥራ ስመለስ የአባቴ ስም ወደ መንገዱ ዞሮ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ዋለ። ለሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ነው! ልጆቹን ከፊደል ጀምሮ ያሳደገ ሰው ስሙ ጃፓን አገር ላይ ቁራ ሊዘነጥለው ነው።

ማታ ጎረቤቴ በሩን አንኳኩ። እማማ ልበላቸው፣ ሰማንያ አልፏቸዋል። ፌስታሌን ይዘውልኝ መጡ። መግቢያው ላይ ቁጭ አሉና ፈትተው አንድ በአንድ እያወጡ ለዩልኝ። ይህ የሚቃጠል፣ ይህ ፕላስቲክ። የበላሁትን ሁሉ አወቁት። ማፈሬን አይተው ይሁን አላውቅም፣ በማግስቱ በሬ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ፍጅል ከነቅጠሉ ተቀምጦ አገኘሁ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ከዚህ ይብሳል። «ካይራንባን» የሚባል አለ፤ ማስታወቂያ የተያያዘበት ሰሌዳ ነው፣ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ታነቢያለሽ፣ ማኅተምሽን ትመቻለሽ፣ ለቀጣዩ ቤት ታደርሻለሽ። እኔ የሸቀጥ ማስታወቂያ መስሎኝ ዘጠኝ ቀን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ለካ እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት የወንዙ ዳር ሣር ይታጨዳል የሚል ነበር። ከእኔ በኋላ ያሉት ሦስት ቤቶች ማንም አልወጣ። ወይ ጉዴ!

ያኔ ነው የሰፈሩ ማኅበር ምን እንደሆነ የገባኝ። «ቾናይካይ» ይሉታል፣ እኔ ግን እድር ነው የምለው። መዋጮ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ሰው ሲሞት መልእክቱ ይዞራል፣ መጋዘኑ ውስጥ ድንኳንና ትልልቅ ድስት ተቀምጧል። ጡሩንባ ነፊው ብቻ የለም፣ በእሱ ፈንታ ሰሌዳው ነው። እናቴ እድር ቀርታ አታውቅም፤ እኔ ግን እዚህ መጥቼ የሰውን እድር አስቀረሁ።

(ድምፅ ማጉያ ግን አለ። ሁልጊዜ ማታ 11 ሰዓት ሲሆን ከየምሰሶው ላይ ዜማ ይለቀቃል፣ ልጆች ወደ ቤት እንዲገቡ። የአደጋ ማስጠንቀቂያው እንደሚሠራም በዚያው ይፈተሻል። የመጀመሪያው ቀን ቤተ ክርስቲያን በቅርብ ያለ መስሎኝ ተስፋ አድርጌ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ ድብ ታይቷልና ተጠንቀቁ ይላል።)

መኸር ላይ ድስቶቹ ወጡ። ወንዝ ዳር ድንጋይ ጎልተው፣ እሳት አንድደው፣ «ኢሞኒ» የሚሉትን ወጥ ይሠራሉ። የበሬ ሥጋ፣ ባሮ ሽንኩርትና ጎደሬ። አዎ፣ ጎደሬ! ለእነሱ የሰፈር ኩራት ነው። ባሕሩ ወዳለበት ወገን ያሉት በአሳማ ሥጋና በሚሶ (ከአኩሪ አተር በሚብላላ ሊጥ) ነው የሚሠሩት፣ ይህን ለማንሳት የደፈረ ሰው ቀኑን ሙሉ ክርክር ይጠብቀዋል። እኔ ጀበናዬን ይዤ ሄድኩ። ቡናችንን «ሞካ» ነው የሚሉት። አንድ ሽማግሌ ስኒውን ይዘው ከየት ነሽ አሉኝ፣ ኢትዮጵያ ስላቸው ስኒውን አስቀመጡና «አቤቤ!» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሲሮጥ ልጅ ሆነው በቴሌቪዥን አይተውታል፤ ከድሉ በኋላ ሜዳው ላይ ተኝቶ እግሩን ሲያፍታታ የነበረውን ጭምር አሳዩኝ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ሣር ላይ ተኝተው።

ቤት ስገባ ነው ያሰብኩት። ያ ሰው እኮ እዚህ አገር «ቢቂላ» አልተባለም፣ በራሱ ስም ነው የሚያውቁት። እኔን ግን በአባቴ። ትንሽ ቀናሁ፣ እውነቴን ነው።

አሁን ግን ካይራንባኑ ላይ ከእማማ ቀጥሎ «ቤኬሬ» ተጽፏል፣ ማኅተሙንም አሠርቻለሁ። ክረምት ላይ በረዶው ከወገብ በላይ ሲሆን በሌሊት ተነስቼ የእማማን ደጅ በአካፋ እጠርጋለሁ። እሳቸው ደግሞ ቀድመውኝ የእኔን ጠርገው ያገኘሁባቸው ቀናት ይበዛሉ።

እና አባቴ ይህን ሁሉ ሰምቶ ዝም አለ። ተቀየመ ብዬ ሰጋሁ።

«በስንት ሰዓት ነው መውጣት ያለበት?» አለ።

«ከ2 ሰዓት በፊት።»

«ታረፍጃለሽ?»

«አላረፍድም።»

«ክዳኑንስ አሁን ትፈቻለሽ?»