የአዘዞ ዳገት

ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት የለመደ ሰው እግሩን በደንብ የሚያውቀው ጎንደር ሲወጣ ነው። የእኛ ከተማ ሜዳ ናት። ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ሽማግሌውም ማርሽ በሌላት ብስክሌት እንደልቡ ይሽከረከርባታል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ፣ በዳገትና በቁልቁለት ተከባ የተቀመጠች ናት። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ውድድር ለመመለስ ስነሣ ፈተናዬ እዚያ እንዲሆን የፈለግሁት ለዚህ ነው።

በወጣትነቴ ለክለብ እወዳደር ነበር። ከዚያ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ መጣ፤ ብስክሌቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ቀረች። ማንም አልከለከለኝም። ዛሬ ነገ ስል ዓመታቱ ነጎዱ። ልጆቼ ከፍ ከፍ ሲሉ አወረድኳትና ማለዳ ማለዳ በጢስ ዓባይ መንገድ መውጣት ጀመርኩ። ጎንደር ያሉ ብስክሌተኞች በኅዳር ውስጥ ባለ አንድ እሑድ አንጋፋዎችን ጨምረው ሊወዳደሩ መሆኑን ስሰማ፣ ሳላመነታ ስሜን አስመዘገብኩ።

ኅዳር 2015 ዓ.ም ነበር። ረዳቱ ብስክሌቴን ሚኒባሱ ጣራ ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አሰረልኝ። የፊት ጎማዋን ግን ፈትቼ ጭኔ ላይ ያዝኩ። ፎገራ ላይ ሩዙ እየታጨደ ነው። ለብዙ ተሳፋሪ ፎገራ የሚያንቀላፉበት ሜዳ ነው፤ የኔ ዓይን ግን ከአስፋልቱ ጠርዝ አልተነሣም። የቱ ጋ ተቦርቡሯል? ንፋሱ ባሕር ዛፉን ወዴት ያጎነብሰዋል? ብስክሌተኛ መንገድ የሚያየው እንደዚህ ነው፤ ይህ ዓይን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እንዳልጠፋብኝ ሳውቅ ደስ አለኝ። አዲስ ዘመንን አለፍን። እንፍራንዝ አጠገብ አፄ ሠርጸ ድንግል ያሠሩት የጉዛራ ቤተ መንግሥት ከኮረብታው ላይ ታየን። ማክሰኝት ስንደርስ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። የውድድሩ መዞሪያ እዚያ ነበርና ከዚህ በኋላ ያለውን እያንዳንዱን ኩርባ በልቤ መያዝ ነበረብኝ።

ጎንደር እንደገባሁ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ወዳለ አንድ ጠጋኝ ቤት ወሰዱኝ። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ሰላምታ እንደተለዋወጥን ጎንበስ ብለው ካቴናውን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ይዘው ወደ ጎን አወዛወዙት፤ ከዚያ የኋላውን ጥርስ ቆጠሩ።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከባሕር ዳር ነው፣ ጋሼ።»

«ያስታውቃል። የኋላህ ትልቁ ማርሽ 25 ጥርስ ነው። ሜዳ ላይ ይበቃሃል፤ አዘዞን ግን በዚህ ስትወጣ ጉልበትህን ታጠፋዋለህ።»

ከቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያገለገለ ግን ያልተበላ ባለ 28 ጥርስ አወጡ። የሦስት ጥርስ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ዳገት ላይ ግን ፔዳሉ ከአሥር በመቶ በላይ ይቀልላል፤ ቆሞ በመግፋትና ተቀምጦ በመውጣት መካከል ያለው ልዩነት ያ ነው። ከገጠሙ በኋላ ብስክሌቷን አንጠልጥለው በእጃቸው ፔዳሉን እያዞሩ ማርሹን አንድ በአንድ ለወጡት። አንዱ ላይ ሲንኳኳ ሽቦውን በሩብ ዙር አጠበቁት፤ ድምፁ ጠፋ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ባይኖር ኖሮ ስንቱ ብስክሌት መንገድ ላይ በቀረ!

እዚያው ቤት ወጣቶቹ ይሰበሰባሉ። ወሬያቸው ሁሉ ጽጋቡ ግርማይና ቢንያም ግርማይ ነው። ጽጋቡ በ2008 ዓ.ም በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ኤርትራዊው ቢንያም ደግሞ በዚያ ባለፈው ግንቦት ጂሮ ዲታሊያ በሚባለው የጣሊያን ዙር ላይ የአንዱን ቀን ውድድር አሸንፎ ነበር። ልጆቹ የመጨረሻውን መንደርደሪያ በስልካቸው ደጋግመው ያዩታል። እኔም የራሴን ጨመርኩላቸው። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም እዚሁ ጎንደር ላይ ነው። ከዚያ 15 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1949 ዓ.ም፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የሜልቦርን ኦሎምፒክ ገረመው ደንቦባ የጎዳና ብስክሌት ውድድሩን 24ኛ ሆነው ጨረሱ። ስማቸውን የሚያውቅ ከልጆቹ አንድ ብቻ ነበር። ይህ ያሳዝነኛል። የሯጮቻችንን ስም ሁላችንም በቃላችን እንይዛለን፤ የብስክሌተኞቻችንንም እንዲሁ መያዝ አለብን።

ዓርብ ከእነሱ ጋር በወለቃ በኩል ወደ ኮሶዬ አቅጣጫ ቀስ ብለን ወጣን። ኮሶዬ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከዚያ አልሄድንም። ለእሑድ እግር መቆጠብ ነበረብን። ብርዱ ግን ኅዳር መሆኑን አስታወሰን።

እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት አዘዞ ላይ ተሰለፍን። ጾመ ነቢያት ስለገባ አብዛኛው ሰው በኮዳው የያዘው በሶ በስኳር ነው። በሶ ቀጠን ብሎ ካልተበጠበጠ የኮዳውን አፍ ይደፍናል፤ ስለዚህ አንዱ ልጅ የሁላችንንም ኮዳ እየዞረ ይንጥ ነበር። ነጠላ የለበሱ እናቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቆም ብለው «በሰላም ያግባችሁ» አሉን።

ስለ ትንፋሼ ተጨንቄ ነበር። አንድ ሰው ከሠላሳዎቹ ዕድሜ በኋላ ስፖርት ካቆመ ሰውነቱ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በየአሥር ዓመቱ አሥር በመቶ ገደማ ይቀንሳል ይባላል። ጥሩነቱ፣ ታግሦ ለሠራ ከዚያ ብዙው ይመለሳል። እውነትም ጠዳን ስናልፍ ትንፋሼ ሰላም ነበር። አስቸጋሪው ሌላ ነገር ሆነ። ለካ ከውድድር ርቆ የቆየ ሰው በመጨረሻ የሚመለስለት እግሩም ሳንባውም አይደለም፤ ከሰው ጎማ ኋላ በስንዝር ርቀት ተማምኖ መሄዱ ነው።

ብቻዬን ስለማመድ ይህን የሚነግረኝ አልነበረም። ቡድኑ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ሲፈስ፣ የፊት ጎማህ ከፊተኛው ሰው የኋላ ጎማ ጋር ሊነካካ ምንም አይቀረውም። እዚያ ከተጠጋህ ንፋሱን ሌላው ይሰብርልሃል፤ ከጉልበትህ እስከ ሲሶ ትቆጥባለህ። አንድ ሜትር ተኩል ከራቅህ ግን ጥቅሙ እየሳሳ ይሄዳል። እኔ ጣቴ ፍሬን ላይ ነበረ። ክፍተቱ ይሰፋል፣ ለመሙላት እሮጣለሁ፣ እንደገና ይሰፋል። ጎኔ ያለው ልጅ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ይጠጉ! ንፋሱን ብቻዎን አይጋፈጡ። የኔን ጎማ ይያዙ» አለኝ።

ያዝኩ። ዓይኔን ከጎማው ላይ አንሥቼ ትከሻው ላይ አደረግሁ፤ ድሮ አሠልጣኛችን የሚለን ይህንኑ ነበር። ልጁ ጉድጓድ ሲያይ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በጣቱ ይጠቁመኛል፤ እኔም ከኋላዬ ላለው እንዲሁ አደርጋለሁ። ከፊት «አህያ!» የሚል ጩኸት መጣ። ድምፁ ከአንዱ ወደ አንዱ ተላለፈ፣ ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ እህል የጫነችውን አህያ አለፈና ተመልሶ ገጠመ። ማንም ፍሬን አልያዘም። በዚያች ቅጽበት ዓይኔ እንባ ሞላ። የናፈቀኝ ማሸነፍ ሳይሆን ይህ ነበር።

ማክሰኝት ዞረን ስንመለስ ተራ ወጥቶልኝ ከፊት ንፋሱን ሰበርኩላቸው። አጭር ነበር፣ ግን ግዴታዬን ተወጣሁ። አዘዞ ስንደርስ ውድድሩ እንደ አዲስ ጀመረ። ከዚያ እስከ ፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፍጥነት በሚቀንስበት ዳገት የሰው ጎማ መያዝ ብዙ አይጠቅምም፤ ሁሉም የራሱን ክብደት ራሱ ይጎትታል። ወጣቶቹ ብድግ ብለው ሄዱ። አልተከተልኳቸውም። ባለ 28ቱ ላይ አድርጌ፣ ተቀምጬ፣ በራሴ ልክ ወጣሁ። ከዕድሜ እኩዮቼ ጥቂቶቹን ደረስኩባቸው፤ አንዱ ከኔ ጋር ተያይዞ ወጣ። ፒያሳ ስንገባ ጎን ለጎን ነበርን፣ ማን እንደቀደመ አልጠየቅንም።

ከጥምቀት በኋላ ወደ ደባርቅ አብረን ልንወጣ ተቀጣጥረናል። 100 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለዚያ ርቀት ብቻውን የሚሄድ ሰው አይበቃም። ስለዚህ ባሕር ዳር እንደተመለስኩ የድሮ ጓደኞቼን ደወልኩላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በመሸንቲ መንገድ እንወጣለን። መጀመሪያ አንድ ሜትር ተራርቀን፣ ከዚያ ግማሽ፣ ሲለመድ ስንዝር። ፊት የሚሆነው በየጥቂቱ ደቂቃ ይቀያየራል፣ ጉድጓድ ያየ ሁሉ በጣቱ ይጠቁማል። መምጣት የሚፈልግ ካለ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እንነሣለን፤ የጭንቅላት ቆብ የግድ ነው።