ከመድኃኒቱ በኋላ

በሕማማት ማክሰኞ ፍኖተ ሰላም ዳር ወዳለው የእትዬ ዶሮ ቤት ስደርስ የእንቁላል መደርደሪያው ባዶ ነበር። 200 ቡናማ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሏቸው። ለዶሮዎቹ ሳል ያዘዝኩትን ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ 5 ቀን አጠጥተው የጨረሱት በሆሳዕና ዋዜማ ነው፤ ማሸጊያው ደግሞ ከዚያ በኋላ ለ7 ቀን እንቁላሉ አይበላ ይላል። እስከ ቅዳም ሹር አንድም መውጣት አልነበረበትም።

«እትዬ፣ እንቁላሉስ?»

«ነጋዴው ወሰደው። መድኃኒቱን እኮ አጥቤዋለሁ ልጄ።»

ያጠቡበትን አመጡልኝ፤ የፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ለአንጀት የሚጠቅሙ ሕያው ባክቴሪያዎች፣ ከረጢት ነው። የሸጠላቸው ሰው ባክቴሪያው የመድኃኒቱን ቅሪት ጠርጎ ያወጣዋል፣ በማግስቱ መሸጥ ይቻላል ብሏቸዋል። ደሜ ፈላ። እንዲህ ብሎ የሚሸጥ ሰው የሚያተርፈው በሌላው ሰው ማዕድ ላይ ነው። ልናገር ስል ግን እትዬ የማዘዣ ካርዴን ከግድግዳው ነቅለው ዘረጉልኝ። በእኔው እጅ «ከመድኃኒቱ በኋላ ፕሮባዮቲክ» ተብሎ ተጽፏል። «በኋላ» ያልኩት በአንድ ባልዲ ከተሰጡ አንቲባዮቲኩ የፕሮባዮቲኩን ባክቴሪያ፣ ላክቶባሲለሱን፣ እንዳይራባ ስለሚያግደው ነው፤ የፈለግሁትም የተጎዳው አንጀት መልሶ እንዲያገግም ብቻ ነበር። 7ቱን ቀን የነገርኳቸው በቃል ነው። ካርዱ ላይ የለም።

እትዬ የዕለቱን አንድ እንቁላል ሳህን ላይ ሰበሩት። አስኳሉ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ነበር።

«የቱ ጋ ነው መድኃኒቱ? እስቲ አሳየኝ።»

ሳህኑን ይዤ ቆምኩ። ለዓይን የሚታይ ነገር የለም። ከዚያ እንዲህ አልኳቸው፦ አስኳል በአንድ ሌሊት አይሞላም፤ ከመጣሉ በፊት በነበሩት 10 ቀናት ገደማ እንደ ሽንኩርት በንብርብር ይሠራል፤ ስለዚህ የዛሬው እንቁላል ዶሮዋ ባለፈው ሳምንት የጠጣችውንም ይዞ ይወጣል። ባክቴሪያው አንጀት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ አስኳል ውስጥ የገባውን አይነካውም። መቀቀልም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ቀናቱ የሚቆጠሩት ቅሪቱ ከተፈቀደው በታች እስኪወርድ ነው፤ ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ያስቀመጠው ወሰን ለእንቁላል በኪሎ 400 ማይክሮግራም ነው።

«በዓይን የማይታይ ከሆነ ገበያ ላይ ማን ይለየዋል?» አሉኝ።

«ማንም።»

ዝም አሉ። ከዚያ ዶማ እንዲያመጣ ልጃቸውን ጠሩት። በቀን 150 ገደማ የሚሰበስቡ ሴት፣ ዓመቱን ሙሉ የጠበቁትን የፋሲካ ገበያ ትተው እስከ ቅዳም ሹር የተጣለውን ሁሉ ቀበሩ። ነጋዴው የወሰደውን ግን መመለስ አልቻልንም።

አሁን ካርድ ስጽፍ እንቁላል መሸጥ የሚጀመርበትን ቀን በቁጥር አስቀድማለሁ፤ ፕሮባዮቲኩ ከሥር ይመጣል።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ዶሮዎቹን ለማየት ስሄድ እትዬ ጠላ ቀዱልኝና ጠየቁኝ።

«የእኔንስ ቀበርነው። እናንተ ቤት ዶሮ ወጡ ላይ የገባው እንቁላል የማን ነበር?»

ከቅዳም ሹር ገበያ ነበር የገዛነው።