ሐረጎ ላይ የጀመረኝ ፍርሃት

ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል፣ አንዱ ጥምዝ ላይ ልቤ በድንገት ይደልቅ ጀመር። ትንፋሽ አጠረኝ። ጣቶቼና ከንፈሬ ደነዘዙ። መሞቴ ነው አልኩ። መውረጃ በሌለበት ቦታ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ የነበሩ እናት እጄን ይዘው «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉኝ።

በማግስቱ የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ ተነሳሁ። ደም፣ ስኳር፣ ታይሮይድ ተመረመርኩ። ሁሉም ደህና። መመርመሬ ትክክል ነበር፤ ማንም ሰው ደረቱን ሲያመው መጀመሪያ ልቡን መታየት አለበት። የጎዳኝ ከዚያ በኋላ የተባልኩት ነው፦ «ምንም የለብሽም።» ስሙ ፓኒክ፣ ድንገት የሚመጣ ኃይለኛ የፍርሃት ጥቃት፣ መሆኑ እንኳ አልተነገረኝም።

ስለዚህ በራሴ መንገድ መጠንቀቅ ያዝኩ። ሚኒባስ ውስጥ በር አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም። ውሃ ሳልይዝ አልወጣም። በጣቴ የደም ሥሬን እቆጥራለሁ። እህቴን በቀን አሥር ጊዜ እደውልላታለሁ። ቀጥሎ ገበያ መውጣት ተውኩ፣ ከዚያ ለቅሶ ቤት፣ ከዚያ ቡና። ወሎ ውስጥ ቡና መተው ከጎረቤት መቆረጥ ማለት ነው። እማ ጠበል ወሰደችኝ፣ ጎረቤታችን ዱዓ አስደረጉልኝ። ሁለቱንም አመሰግናለሁ፤ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ያወቅሁት በእነሱ ነው።

ስድስት ወር ቆይቼ አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ወረቀት ላይ ክብ ሣለልኝ። ልብ ይመታል፤ «ልቤ ሊቆም ነው» እላለሁ፤ እፈራለሁ፤ ፍርሃቱ አድሬናሊን የሚባለውን ሆርሞን ይለቃል፤ ልብ ይብስ ይመታል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረበው ማብራሪያ መሆኑን በኋላ አነበብኩ። ያን ክብ ሳየው አለቀስኩ። የኔን ሚኒባስ ሣለው።

የጣት መደንዘዙም ምክንያት አለው። ስፈራ በላይ በላዩ እተነፍሳለሁ፣ በደሜ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ማዞርና መደንዘዝ ይመጣል። አየር ያነሰኝ መስሎኝ ስስብ ለካ አብዝቼው ነበር። የሚገርመው፣ ጋዙ ሲበዛም ፓኒክ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት፣ አሚግዳላ የሚባለው፣ ፍርሃትን የሚያነሳው የአንጎል ክፍላቸው የተጎዳ ሦስት ሴቶች 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር ሲተነፍሱ ፓኒክ ያዛቸው። ከእነሱ አንዷ እባብ እንኳ የማያስፈራት ሰው ናት። ይህን ሳነብ «ፈሪ ስለሆንኩ ነው» ማለቱን ተውኩ።

መድኃኒትም ጀመርኩ፣ ፍሉኦክሰቲን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጭንቀቱን ትንሽ አባሰው፤ ባለሙያው አስቀድሞ ስለነገረኝ አላቋረጥኩም። ስለ አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዶናልድ ክላይን ያነበብኩትም አበረታኝ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክ ውስጥ ኢሚፕራሚን የሚባል መድኃኒት ለታማሚዎች ሲሰጥ፣ ለሳምንታት ለውጥ አልታየም። ከዚያ ነርሶቹ አንድ ነገር ልብ አሉ፦ በየቀኑ «ልሞት ነው» እያለ ወደ እነሱ የሚሮጠው ሰው መሮጥ አቁሟል። እኔም ለውጡን ቀድማ ያየችው እህቴ ናት። ስልኳ መጮህ ቀነሰ።

ግን ክኒኑ ላይ አልቆምኩም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ዴቪድ ባርሎውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ለውጡ የበለጠ የጸናላቸው ያለ መድኃኒት የንግግርና የልምምድ ሕክምና ያገኙት ነበሩ። ልምምዱ ከባድ ነው። የምፈራውን ስሜት ራሴ ሆን ብዬ እጠራዋለሁ። ክፍል ውስጥ ቆሜ እሽከረከራለሁ፣ ማዞሩ ይመጣል። በቀጭን ስትሮ እተነፍሳለሁ፣ ማፈኑ ይመጣል። ወደ ጦሳ የሚወጣውን ዳገት እሮጣለሁ፣ ልቤ ይደልቃል። ከዚያ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ውሃ የለም፣ ስልክ የለም፣ ደም ሥር መቁጠር የለም። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፉ ላይ ይደርስና ይወርዳል። ይህን በቃል ሰምቼው ነበር፤ ሰውነቴ ግን ያመነው ከስንት ሙከራ በኋላ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ቤተሰቤን «አብሽሪ አትበሉኝ» ማለት ነበር። ያ ቃል ከልብ የሚወጣ ነው። እኔ ግን እንደ ውሃው ጠርሙስ ይዤው መዞር ጀምሬ ነበር፤ ካልሰማሁት አልረጋጋም። እማ መጀመሪያ ተቀየመች። ባለሙያው አስጠርቶ ሲያስረዳት ገባት። አሁን ፊቴ ሲለዋወጥ ስታይ «መጣብሽ? ይምጣ፤ አንቺ ቡናውን ቅጂ» ትለኛለች።

ሐረጎን መጀመሪያ ከእህቴ ጋር፣ ቀጥሎ ብቻዬን፣ ቀጥሎ ከኋላ ወንበር መሀል ተቀምጬ ወረድኩ። ሁለት ጊዜ በጣም ያዘኝ። ከሚኒባሱ ግን አልወረድኩም።

ቡናውን በመጨረሻ ነው የሞከርኩት። ካፌይን ሲበዛ ፓኒክ ላለበት ሰው ሊቀሰቅስ እንደሚችል ስለማውቅ፣ መጀመሪያ አቦል ግማሽ ሲኒ ብቻ። ልቤ መታ። ጎረቤቶቹ እያወሩ ነው፣ ጭሱ ይጤሳል፣ እማ ታየኛለች። ቁጭ አልኩ። ዛሬ መድኃኒቱን ከባለሙያው ጋር ቀስ እያልን እየቀነስን ነው፤ መጥፎ ቀን አሁንም ይመጣል። ቡና ሲፈላ ግን በረካውን ሳልጠጣ አልነሳም።