ሜዲኬይድ እያለን ኑሯችን ሲለወጥ

ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ያለው ሰው ቤት ሲቀይር፣ ደመወዙ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ፣ ሲያገባ፣ ሲወልድ ወይም የመኖሪያ ፈቃዱ ሲለወጥ ማሳወቅ እንዳለበት የማያውቅ ሰው በመካከላችን ብዙ የለም። የሚያሳውቀው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ተቀምጬ የወገኖቼን ደብዳቤ ማንበብና ቅጽ መሙላት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ደጋግሜ የምሰማው «ዝም ካልኩ ይቀጥልልኛል፣ ከተናገርኩ ይዘጋብኛል» የሚል ሐሳብ ነው። ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ከመንግሥት ቢሮ ርቆ መኖርን እንደ ብልሃት ቆጥረን ያደግን ሰዎች ነን። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ዝምታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ዝም ያለውን ሰው ራሱን ስለሆነ፣ ለምን እንዲህ እንደምል በዝርዝር ልጽፍ ወደድኩ። የምጽፈው በዋናነት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር ነው፤ በሚኒሶታ፣ በሲያትልም ሆነ በሌላ ቦታ ያላችሁ መሠረቱ አንድ ቢሆንም የየክፍለ ግዛታችሁን የጊዜ ገደብ አረጋግጡ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሜዲኬይድ እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ ወጪውን የፌዴራሉ መንግሥትና ክፍለ ግዛቶች ይጋሩታል፤ ስለዚህም ሕጉ አንድ ሆኖ ዝርዝሩ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ልጅ የሌላቸው ጤነኛ ጎልማሶች ጭምር ገቢያቸው ከድህነት ወለሉ 138 በመቶ ካልበለጠ እንዲገቡ በር ከፈተ፤ ሜሪላንድ በ2014 ስትቀበለው ቨርጂኒያ እስከ 2019 ቆይታለች። በ2025ቱ ስሌት ይህ ለአንድ ሰው በወር ወደ 1,800 ዶላር፣ ለአራት ቤተሰብ ደግሞ ወደ 3,700 ዶላር ይጠጋ ነበር። ልብ በሉ፤ ሜዲኬይድ የሚያየው አሁን በወር የምታገኙትን ገቢ ነው። ባለፈው ዓመት የሞላችሁት ታክስ የሚያግዝ ማስረጃ ቢሆንም የዛሬውን ኑሮ አይተካም። ሥራው የተቀነሰበት ሰው የአምናው ገቢዬ ከፍ ያለ ነበር ብሎ ሳያመለክት መቅረት የለበትም።

ዝምታው ልማድ የሆነበት አንድ ቅርብ ምክንያትም አለ። በኮቪድ ጊዜ፣ ከመጋቢት 2020 ጀምሮ እስከ መጋቢት 2023 መጨረሻ ድረስ፣ ክፍለ ግዛቶች ከሜዲኬይድ ሰው እንዳያስወጡ ተደርጎ ስለነበር፣ ቅጽ ያልመለሰም ገቢው የጨመረም እኩል ይቀጥል ነበር። በእነዚያ ዓመታት የመጡ ወገኖቻችን ሜዲኬይድ አንዴ ከተሰጠ የማይነሳ ነገር መስሏቸው ቀረ። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የብቁነት ምርመራው ሲመለስ በመላው አገሪቱ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሽፋናቸውን አጡ። ከእነዚህ ውስጥ ከአሥሩ ሰባት ያህሉ የተሰረዙት ብቁ አለመሆናቸው ተረጋግጦ አይደለም፤ ቅጹ ስላልተመለሰ፣ ደብዳቤው ስላልደረሰ ወይም ማስረጃ ስለጎደለ ነው። «ከተናገርኩ ይዘጋብኛል» ለሚለው ወገኔ የማቀርበው መልስ ይኸው ነው።

ስለዚህ ከለውጦች ሁሉ ቀድሞ የሚነገረው የአድራሻ ለውጥ ነው። ብዙዎቻችን ቤዝመንት ወይም አንድ ክፍል ተከራይተን እንጀምርና በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ቦታ እንዞራለን፤ የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአከራዩ እጅ ነው። በየዓመቱ ብቁነታችንን የሚጠይቀው የእድሳት ፖስታ ወፈር ያለ ነው፤ በውስጡ መልስ የሚሰጥበት ቀን የተጻፈበት ገጽ፣ ቀድሞ የተሞላ ቅጽና መመለሻ ፖስታ አለ። ያ ፖስታ አሮጌው ቤት ደረጃ ላይ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተከምሮ ሲቀር፣ ባለቤቱ ጉዳዩን የሚያውቀው ፋርማሲ ሄዶ የስኳር መድኃኒቱን ሙሉ ዋጋ ሲጠየቅ ነው። ሶሻል ሰኩሪቲ ወይም መንጃ ፈቃድ ቢሮ አድራሻ መቀየር ለሜዲኬይድ አያገለግልም፤ ለራሱ ለሜዲኬይድ ቢሮ መንገር ያስፈልጋል። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ለውጥ የሚነገረው በ10 ቀን ውስጥ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ የተዛወረ ሰው ደግሞ አድራሻ ብቻ አይደለም የቀየረው። ሜዲኬይድ የክፍለ ግዛት ጉዳይ ስለሆነ ከሰውየው ጋር ወንዝ ተሻግሮ አይሄድም፤ የሜሪላንዱን አዘግቶ በቨርጂኒያ አዲስ ማመልከት የግድ ነው። በዚህ አካባቢ ሥራ አንድ ጋ፣ ቤት ሌላ ጋ፣ ቤተ ክርስቲያን ሦስተኛው ጋ ስለሆነ ድንበሩ ለዓይናችን አይታይም፤ ለኢንሹራንሱ ግን በጣም ይታያል።

ወደ ገቢ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ፍርሃቱም ስሕተቱም የሚበዛው። ኡበርና ታክሲ የሚሠሩ ወንድሞቻችን ገቢያቸውን ሲጠየቁ ኩባንያው በዓመት መጨረሻ የላከውን ጠቅላላ ድምር ይናገራሉ። ሜዲኬይድ የሚቆጥረው ግን የሥራ ወጪ ከተነሳ በኋላ የሚተርፈውን ነው። በ2025 የታክስ ሕግ ለሥራ ለተነዳ ለእያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ማንሳት ይፈቀድ ነበር፤ በዚያ ስሌት በወር 3,000 ማይል ለሥራ የነዳ ሰው 2,100 ዶላር ያነሳል ማለት ነው። በወር 4,000 ዶላር ያስገባ ሹፌር በአንድ አሃዝ ከሜዲኬይድ ጣሪያ በላይ፣ በሌላው ደግሞ ከ2,000 ዶላር በታች ሆኖ ይታያል፤ ሚስትና ልጅ ካሉት ልዩነቱ የሽፋን መኖርና አለመኖር ነው። ይህን የሚያረጋግጠው የማይል መዝገብ ነው። መዝገብ ስል የተራቀቀ ነገር አይደለም፤ ቀን፣ የመነሻና የመድረሻ ማይል የተጻፈበት ደብተር ይበቃል።

በተቃራኒው ሰው ሊቀነስልኝ ይገባል ብሎ የሚያስበውና የማይቀነሰው ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ነው። እናቱንና ሁለት ወንድሞቹን የሚያስተዳድር ሰው በልቡ አምስት ቤተሰብ አለው፤ በሜዲኬይድ ስሌት ግን በኢትዮጵያ የሚኖሩ፣ በታክሱ ላይ ጥገኛ አድርጎ ሊያስመዘግባቸው የማይችላቸው ዘመዶቹ ከቤተሰብ ቁጥር አይገቡም። አዝናለሁ፣ ፍትሐዊም አይመስለኝም፤ ቅጹ ላይ መጻፋቸው ግን ጥያቄ ከማስነሳት በቀር አይጠቅምም። ባለቤቱ በቪዛ ስትመጣ ግን ወዲያው መነገር አለበት፤ ገቢ እስክታገኝ ድረስ የቤተሰቡን ቁጥር ስለምትጨምር ለውጡ የሚጠቅመው ራሱን ነው። ያረገዘች ሴትም በማኅፀኗ ያለው ልጅ ተቆጥሮላት ለብቻዋ ሁለት ሆና ትታያለች፤ በዲሲም በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ከወለደች በኋላ ሽፋኗ ለ12 ወር ይቀጥላል። እናቱ በሜዲኬይድ ላይ ሳለች የተወለደ ሕፃን ደግሞ አንድ ዓመት እስኪሞላው ይሸፈናል፤ መወለዱን ግን የሚናገርለት ሰው ያስፈልጋል።

ብዙ ወላጆች የማያውቁት ነገር ቢኖር ብቁነት ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው መታየቱን ነው። የልጆች የገቢ ጣሪያ ከወላጆቻቸው እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ አባት ደመወዙ ጨምሮ ቢወጣ እንኳን ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራሉ። ከጥር 2024 ወዲህ ደግሞ ከ19 ዓመት በታች ያለ ልጅ አንዴ ብቁ ከተባለ በመሐል የወላጁ ገቢ ቢጨምርም ለ12 ወር ይቆያል። «እኛ አልፈናል» ብሎ የእድሳት ቅጹን ሳይመልስ የተወ አባት ልጆቹን በከንቱ ያስወጣቸዋል። እርሱ ራሱም ቢሆን ሜዲኬይድ ሲያልቅበት ማርኬትፕሌስ በሚባለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ገበያ በኩል ድጎማ ያለው ኢንሹራንስ መግዛት ይችላል፤ የምዝገባው በር ግን ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ስለሚከፈት መዘግየት አያዋጣም።

የአረጋውያን ሜዲኬይድ ሌላ ዓለም ነው። እስካሁን ያልኩት በገቢ ብቻ ስለሚታዩት ሲሆን፣ ዕድሜያቸው 65 የሞላና ኤስ ኤስ አይ (ሶሻል ሰኩሪቲ ቢሮ ገቢና ንብረታቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በየወሩ የሚከፍለው ድጎማ) የሚቀበሉ ወላጆቻችን ግን ንብረታቸውም ይታያል። የኤስ ኤስ አይ ጣሪያ ለአንድ ሰው 2,000፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ነው። እዚህ ላይ እቁብ ይመጣል። የማውቃቸው አንዲት እናት በታማኝነታቸው የእቁብ ሰብሳቢ ተደርገው ተመርጠው፣ የ20 ሰው ገንዘብ በእርሳቸው የባንክ ሒሳብ ሲገባና ሲወጣ ይኖር ነበር። የባንኩ ወረቀት ሲጠየቅ የወሩ መጀመሪያ ቀን ላይ 11,000 ዶላር ተቀምጦ ታየ። ገንዘቡ የሰው መሆኑን ማስረዳት ይቻላል፤ ነገር ግን እቁብ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሠራተኛ የአባላትን ዝርዝር፣ የእጣውን ቅደም ተከተልና የእያንዳንዱን ፊርማ አስተርጉሞ ማቅረብ ሆነ። በኤስ ኤስ አይ የሚኖሩ እናትና አባት የእቁብ ገንዘብ ያዥ አይሁኑ ብዬ የምለምነው ለዚህ ነው። የራሳቸው እጣ ሲደርሳቸውም ከጣሪያው በላይ ያለው ገንዘብ ወር እንዳይሻገር ለቤት ኪራይ፣ ለዕቃ ወይም ለዕዳ መዋል አለበት፤ ለልጅ መስጠት ወይም ወደ አዲስ አበባ መላክ ግን እስከ 36 ወር የሚደርስ ቅጣት ሊያስከትል ስለሚችል መውጫ አይደለም።

እነዚሁ ወላጆች ለገና ሄደው ከፋሲካ በኋላ የመመለስ ልማድ አላቸው። ኤስ ኤስ አይ ያለው ሰው ከአሜሪካ ውጭ 30 ቀን በተከታታይ ከቆየ ክፍያው ይቋረጣል፤ ተመልሶም ሌላ 30 ቀን በተከታታይ አሜሪካ ውስጥ ሊቆይ ይገባል። በዚያ ላይ የሚመጣ የእድሳት ደብዳቤ የሚቀበለው የለም። ከመሄዳቸው በፊት የሚጓዙበትንና የሚመለሱበትን ቀን ማሳወቅ፣ አንድ ልጅንም በጽሑፍ ወኪል አድርጎ ማስመዝገብ ቀላል ሥራ ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ በተለይ አሁን ትኩረት ይፈልጋል። በዲቪ የመጣ ጎልማሳ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት መጠበቅ ሲኖርበት፣ በጥገኝነት ወይም በስደተኝነት የገባ ሰው ግን ይህ ጥበቃ አይመለከተውም። በጁላይ 4 ቀን 2025 የጸደቀው ሕግ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ጥገኝነት አግኝተው ወይም በስደተኝነት ገብተው ግሪን ካርድ ለሌላቸው ለአብዛኞቹ የፌዴራል ሜዲኬይድን ያስቀራል። ስለዚህ አንድ ዓመት የሞላችሁ ግሪን ካርድ ለማመልከት አትዘግዩ፤ ካርዱ ሲደርስም በቶሎ አስመዝግቡ። ስታስመዝግቡ ካርዱ ላይ ያለውን የምድብ ምልክት አሳዩ፤ ኤ ኤስ 6 ከጥገኝነት፣ አር ኢ 6 ከስደተኝነት የተሸጋገረ ማለት ነው። ሠራተኛው ይህን ሳያይ ካለፈ እንደ ዲቪ ባለ ካርድ ቆጥሮ አምስት ዓመት ጠብቅ ሊላችሁ ይችላል።

ለውጥ ስትነግሩ በስልክ ብቻ አትተዉት። በድረ ገጹ ወይም በጽሑፍ አስገቡና ማረጋገጫውን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ደውላችሁ ከሆነም ቀኑንና የሠራተኛውን ስም ጻፉ። አስተርጓሚ በነጻ ማግኘት መብታችሁ ነው፤ ዲሲ ውስጥ አማርኛ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ እናቱ ሕመም ለመንግሥት ሠራተኛ ሲያስተረጉም ማየት አልወድም።

የመዝጊያ ደብዳቤ ከመጣም ሁለት ቀኖችን ፈልጉ፤ ደብዳቤው የተጻፈበትንና ሽፋኑ የሚያበቃበትን። ሽፋኑ ከሚያበቃበት ቀን በፊት ይግባኝ ያለ ሰው ውሳኔ እስኪሰጥ ሜዲኬይዱ እንዲቀጥል መጠየቅ ይችላል። በገቢ ብቻ የሚታይ ሰው የተዘጋበት የእድሳት ቅጽ ባለመመለሱ ከሆነ ደግሞ ቅጹን በ90 ቀን ውስጥ ቢመልስ አዲስ ማመልከቻ ሳያስፈልገው ይታይለታል። «ቀኑ አልፎብኛል» ብለው ወረቀቱን ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው የሚዞሩ ሰዎች ሁሌም ያጋጥሙኛል።

ይኸው የ2025 ሕግ የ2010ሩ ሕግ በከፈተው በር የገቡ ጎልማሶች ከ2027 መግቢያ ጀምሮ በዓመት አንድ ጊዜ የነበረው እድሳት በየስድስት ወሩ እንዲሆንባቸው፣ አብዛኞቹም በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን፣ መማራቸውን ወይም በበጎ ፈቃድ ማገልገላቸውን እንዲያሳዩ ያዝዛል። ዕድሜው 13 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች፣ እርጉዞችና ከባድ ሕመም ያለባቸው ነጻ ናቸው፤ ነጻ መሆናቸው ግን መመዝገብ አለበት። ሰዓቱን መቁጠር ለሚቸገር ሰው ቢያንስ 580 ዶላር የወር ገቢ ማሳየት ይበቃል። ፓርኪንግና ምግብ ቤት የምትሠሩ የደመወዝ ወረቀታችሁን አትጣሉ፤ ሹፌሮች ደግሞ መተግበሪያው በየሳምንቱ የሚያወጣውን መግለጫ ከአሁኑ እያወረዳችሁ አስቀምጡ፤ በኋላ ሒሳባችሁ ቢዘጋ መልሳችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ።