ጅማ ላይ ኤቪ ሪሲቨርን ከፓወር አምፕሊፋየር ጋር ማጣመር፦ ማንም ያልነገረኝ የኧርዝ ጣጣ

ጅማ ውስጥ ለቤት ሲኒማ የድምፅ መሣሪያ ሊገዛ ላሰበ ሰው የምመክረው ይህን ነው፦ ፕሪአውት (ድምፁን ወደ ሌላ አምፕሊፋየር የሚያወጣ መሰኪያ) ያለው ኤቪ ሪሲቨር (ድምፅና ምስል ተቀብሎ ስፒከሮቹን የሚያሠራ መሣሪያ) ይግዛ፣ ፓወር አምፕሊፋየር (ሥራው የድምፅ ኃይል ማጉላት ብቻ የሆነ መሣሪያ) ለብቻው የሚጨምረው ስፒከሮቹ ሲያስገድዱት ብቻ ይሁን፣ ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የቤቱን የኧርዝ መስመር (ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ) ያስፈትሽ። የመጨረሻውን ነገር ሻጭም ሆነ ባለሙያ አልነገረኝም፤ እስካሁን የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ሁሉንም ለየብቻ መግዛት ይሻላል የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከሩት በዋት ነው። ክርክሩ የሚመስለውን ያህል አይመዝንም፤ ኃይልን ከ100 ወደ 200 ዋት ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ግን 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም 10 እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ሪሲቨርን ይበልጥ የሚፈትነው የስፒከሩ ኦም፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ከሪሲቨሩ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። የፊት ስፒከሮቼ 4 ኦም ናቸው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት ደግሞ 2 ቻናል ብቻ እየሠራ የተለካ ስለነበር፣ ሁሉም ስፒከሮች አንድ ላይ በሚጮኹበት ጊዜ ሪሲቨሩ ግሎ ራሱን ያጠፋ ነበር። በዚህ ምክንያት ለፊት ስፒከሮቹ ባለ 2 ቻናል ፓወር አምፕሊፋየር ጨመርኩ። ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም ድምፅና ምስሉን የሚያቀናብረውን ክፍል፣ ግን ለብቻው አልገዛሁም፣ አልገዛምም። ኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚያልፍበት መስፈርት) እ.ኤ.አ. በ2013 ስሪት 2.0፣ በ2017 ደግሞ 2.1 እየሆነ ሲቀያየር ቶሎ የሚያረጀው ይህ ክፍል ነው፤ ደህና አምፕሊፋየር ግን ለረጅም ዓመታት ያገለግላል።

ግዢውና ገመድ ማያያዙ አላስቸገረም። አምፕሊፋየሩ እንደበራ ግን ምንም ሳይከፈት፣ ድምፁ ዜሮ ላይ ሆኖ እንኳ፣ ከሁለቱም የፊት ስፒከሮች የማያቋርጥ ጉምጉምታ መሰማት ጀመረ። ሻጩ የአምፕሊፋየሩ ካፓሲተሮች ደክመዋል ብሎ ወደ አዲስ አበባ አስመለሰው። ዕቃው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፣ ተከፍቶ፣ ለጥገና ተከፍሎበት ሲመጣ ጉምጉምታው እንዳለ ነበር። ቀጥሎ የጠራሁት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የስፒናውን የኧርዝ ሽቦ ቆርጠን እንጣለው አለኝ። እንዲህ ቢደረግ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን ያ ሽቦ የተቀመጠው የ220 ቮልቱ መስመር ውስጥ ለውስጥ ተላቆ የአምፕሊፋየሩን ብረት ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በሰው ገላ ሳይሆን በመሬት እንዲወርድና ብሬከሩ እንዲወድቅ ነው። ልጆች በሚነኩት ዕቃ ላይ ይህን የሚመክር ሰው ባለሙያ ተብሎ ከቤት ቤት መዞሩ ሊያሳስበን ይገባል።

ምክንያቱን ያገኘሁት ገመዶቹን አንድ በአንድ በመንቀል ነው። የዲሹ ገመድ ከዲኮደሩ ጀርባ ሲነቀል ጉምጉምታው ወዲያው ቆመ። ዲሹ የቆመበት የብረት ምሰሶ ግቢው አፈር ውስጥ ተተክሏል፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ባለ ሦስት እግር ስፒና ስላለው ቆጣሪው አጠገብ ከተቀበረው የኧርዝ ዘንግ ጋር ተገናኝቷል። የሁለቱ ቦታዎች ቮልቴጅ እኩል ስላልሆነ፣ ጥቂት ኤሌክትሪክ በዲሹ ገመድ ሽፋን ገብቶ፣ በኤችዲኤምአይና በፕሪአውት ገመዶች አልፎ በአምፕሊፋየሩ ኧርዝ ይወጣል፤ የመስመራችንን 50 ኸርዝ ስፒከሩ ላይ የሚያሰማውም ይህ ዙር ነው። ኤቪ ሪሲቨሩ ብቻውን ሳለ ችግሩ ያልታየው ስፒናው ሁለት እግር ብቻ ስለሆነና ዙሩ ስለማይዘጋ ነው። መሣሪያን ለያይቶ መግዛት የሚያመጣው ዋና ጣጣ፣ በእኔ እምነት፣ ይኸው ነው፤ የሽያጭ ወሬው ውስጥ ግን አይነሣም።

ለአንቴና ገመድ የሚሸጠው ተራ ማግለያ (ይህን ዙር የሚቆርጥ ዕቃ) ለዲሽ አይሆንም፤ ለኤልኤንቢው (ዲሹ ላይ ላለው ሞገድ ተቀባይ) የሚሄደውን ኤሌክትሪክም ስለሚቆርጥ ምስሉ ይጠፋል። ችግሩን የፈታልኝ የዲሹን ምሰሶና የገመዱን ሽፋን፣ ገመዱ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ ላይ፣ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከቆጣሪው ኧርዝ ጋር ማሳሰርና መሣሪያዎቹን ሁሉ ከአንድ ሶኬት ማብራት ነው። አሁን ጆሮን ስፒከሩ ላይ ካላስጠጉ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

የአምፕሊፋየሬ መመሪያ ዕቃው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ ይላል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን መከተል ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ መብራት ሲመለስ ጥቂት ቆይቶ ኃይል የሚለቅ ስታብላይዘር መሃል ላይ መግባት አለበት። ትልቅ ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር ሲበራ ለቅጽበት ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፣ ስታብላይዘሩ በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ከተጻፈው ዋት በእጅጉ የሚበልጥ አቅም ይኑረው። ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ደግሞ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ጀርባውን ያንብብ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የመቀየሪያውን ትራንስፎርመር ዋጋ ጨምሮ ያስላ።